ዘራፊ ያልተሸከመው ቴሌቪዥን

ደሴ ሆጤ ውስጥ፣ ከስታዲየሙ ብዙ ሳይርቅ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብላ አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት አለች። ከፊት ባለው ክፍል ስልክ፣ ሪሲቨርና ስቶቭ ይጠገናል። ከኋላ ባለችው ክፍል ግን ሃያ ሦስት የድሮ ቴሌቪዥኖች ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ሁሉም ከኋላቸው ያበጡ ናቸው፤ ትልልቆቹን ሁለት ሰው ካልተጋገዘ ከቦታቸው ማንቀሳቀስ አይቻልም።

የቤቱ ባለቤት ዘንድሮ የኋላዋን ክፍል ፈልገዋታል። ሱቅ አድርገው ሊያከራዩዋት ነው። ክፋት የለባቸውም፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በትንሽ ኪራይ ታግሠዋል። «እስከ ግንቦት መጨረሻ» አሏቸው። ጠጋኙም «እሺ፣ ይገባል» ብለው ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሱቁን ከዘጉ በኋላ አምፖል አብርተው እዚያች ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። መኖሪያ ቤታቸው ቢጠብ ቢሰፋ አምስት ቴሌቪዥን ነው የሚይዘው። ሃያ ሦስቱን ወደ አምስት ማውረድ አለባቸው።

ነገሩ የአንድ ሽማግሌ የቤት ጣጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልተጻፈ። ግን የደሴ ነገር ነው፤ ደሴና ቴሌቪዥን ደግሞ ያልተወራረደ ሒሳብ አላቸው።

ሰውየው ስድሳዎቹን አጋምሰዋል። ሙያውን የተማሩት በደርግ ዘመን፣ በጦሩ የመገናኛ ክፍል፣ የመስክ ሬድዮ ሲጠግኑ ነው። በ1983 ጦሩ ሲበተን የወታደር ልብሳቸውን አውልቀው ደሴ ገቡ። በእጃቸው የነበረው አንድ ቴስተር፣ አንድ መበየጃና አንድ ካቻቢቴ ነበር። በመጀመሪያ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ቴፕና ሬድዮ ጠገኑ። ቀስ በቀስ ቴሌቪዥን መጣ። ጎረምሳው «ጋሼ» ይላቸዋል፤ እናቶች «ወንድምዓለም» ይሏቸዋል። ለክርስቲያኑ «እግዜር ይመስገን»፣ ለሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ» ብለው የሚመልሱ፣ በወሎ ደንብ ያረጁ ሰው ናቸው።

ቴሌቪዥን ልሰብስብ ብለው የተነሡበት ቀን የለም። ሰው ለጥገና ያመጣል፤ ዋጋው ሲነገረው «እመለሳለሁ» ብሎ ይሄዳል፤ አይመለስም። ሌላው ፍላት ስክሪን ሲገዛ የድሮውን «ለመለዋወጫ ይሁንዎ» ብሎ ጥሎላቸው ይሄዳል። ሦስተኛው ይሞታል፤ ልጆቹ ዕቃው የት እንደተቀመጠ አያውቁም። እሳቸውም አንዱን ፈትተው ሌላውን ያድናሉ። አንዳንዱን ግን ለመፍታት እጃቸው እምቢ ይላቸዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ክፍሏ ሞላች።

እዚህ ላይ ታሪኩን ትንሽ ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። በተከላው የረዳው ቶምሰን የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ነበር። ሥርጭቱ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ተመልካቹም የአዲስ አበባ ሰው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወሎን ረሃብ መታት። ገበሬው ከየቀየው እየተነሣ ወደ አስፋልቱ ወረደ፤ በየመንገዱም ረገፈ። መንግሥት ነገሩን በዝምታ ሊያሳልፈው ሞከረ። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ገብቶ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለምም ደነገጠ። የአገሩ ሰው ግን የራሱን ወገን እልቂት በገዛ ቴሌቪዥኑ ለማየት አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ጠበቀ። ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር አደባልቆ መስከረም 1 ቀን 1967፣ በእንቁጣጣሽ ማታ አሳየው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ።

ከዚያ አሥር ዓመት አለፈ። በመስከረም 1977 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ ሲከበር የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀለም ሥርጭት ጀመረ። ሰንደቁ፣ ሰልፉ፣ መድረኩ ሁሉ በቀለም ታየ። ወር ከምናምን ሳይሞላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977፣ የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ይዘውት የወጡት ዘገባ ለንደን ላይ ተሰራጨ። ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ያንን ዘገባ ተከትሎ የመጣው እርዳታ፣ በቀጣዩ ሐምሌ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ የተካሄደው ትልቁ የሙዚቃ ዝግጅት፣ «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም በውጭ ሰው ጆሮ ከረሃብ ጋር ተጣብቆ መቅረቱ፣ ሁሉም ከዚያች ጥቂት ደቂቃ ምስል የተነሣ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው። ወሎ በቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ እንደ እርሷ ብዙ የታየ የአፍሪካ ምድር በጣት የሚቆጠር ነው። ሁለት ጊዜ ታየች፤ ሁለቱም ጊዜ ዓለም ተነዋወጠ፤ አንድ ጊዜ ዙፋን ወደቀ። ግን በቴሌቪዥን መታየትና ቴሌቪዥን ማየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የታየው ሰው ቤት ቴሌቪዥን አልነበረም። የታየበትን አላየውም።

ጠጋኙ በ1977 አስመራ ነበሩ። የፓርቲውን ምሥረታ በዓል በጦር ሰፈር አዳራሽ ውስጥ፣ ከጓዶቻቸው ጋር ተጨናንቀው፣ በቀለም አዩት። ምስሉ ጥርት ያለ እንደነበር ዛሬም ይመሰክራሉ፤ የባለሙያ ዓይን ነው። በዚያው ሰሞን ታናሽ እህታቸው ከአምባሰል ተነሥታ ከሌሎች የቀየው ሰዎች ጋር ወደ መጠለያ ሄደች። አልተመለሰችም። እሳቸው የሰሙት ከስድስት ወር በኋላ፣ በሰው መልእክት ነው። የኮረሙን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ደግሞ ደርግ ከወደቀ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በጠገኑት የሰው ቴሌቪዥን ላይ ነው። ደንበኛው ዕቃውን ሊወስድ ቆሞ እየጠበቀ ነበር። «ትንሽ ቆይ ልጄ፣ ምስሉን ልየው» አሉት። ያዩት ምስሉን አልነበረም። ፊት ነበር የሚፈልጉት። እስከ ዛሬ ያ ፊልም በየትኛውም ጣቢያ ሲታይ መበየጃቸውን አስቀምጠው ፊት ይፈልጋሉ።

ይህን ከቴሌቪዥን መሰብሰብ ጋር አያገናኙትም። ሌላ ሰው ሲያገናኝላቸውም «እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ» ይላሉ።

ወደ መደርደሪያው እንመለስ። አምስቱን ለመምረጥ የሚቸገሩት እያንዳንዱ የመጣበትን መንገድ ስለሚያውቁት ነው።

አንደኛው ባለ እግር፣ በእንጨት የተሠራ ፊሊፕስ ነው። ትራንዚስተር ሳይሆን የመስታወት ቫልቭ ነው ያለው። ሲበራ ወዲያው አይታይም፤ ቫልቮቹ እስኪግሉ ሰውን ያስጠብቃል፤ መጀመሪያ ድምፁ፣ ቀጥሎ ምስሉ ከጭጋግ ውስጥ ይወጣል። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ የተገዛ ነው፤ ባለቤቱ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩና ወደ ደሴ ሲዛወሩ አብሮ መጣ። ያን የእንቁጣጣሽ ማታ በዚህ መስታወት ላይ ምን እንደታየ መጠየቅ አያስፈልግም። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ የበራ ቴሌቪዥን ሁሉ ያው አንድ ጣቢያ ነበረው።

ሁለተኛው ናሽናል ነው፤ የጃፓን ሥራ። በደርግ ዘመን በአሰብ ወደብ ገብቶ፣ ከሚሌ በባቲ ወደ ኮምቦልቻ በሚወጣው መንገድ ተጭኖ የመጣ። የዛሬ ልጆች ደሴንና ኮምቦልቻን ከባሕር የራቁ ከተሞች አድርገው ነው የሚያስቧቸው። እስከ 1990 ድረስ ግን የአገሪቱ ዋና ወደብ አሰብ ነበረች፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ዕቃም በኮምቦልቻ በኩል ያልፍ ነበር። ሾፌሩ ኮምቦልቻ ያድራል፤ ሻይ ይጠጣል፤ ወሬ ያወርዳል። አንዳንዴም ካርቶን ያወርዳል። በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ የወጣው ስንቱ ቴሌቪዥን በዚያ መንገድ እንደመጣ እሳቸው ጀርባውን ሲፈቱ ያውቁታል፤ የባሕር አየር የነካው ብሎን ዝገቱ ሌላ ነው።

ሦስተኛው የጅቡቲ ነው። ይህኛው ለብዙ ጊዜ ራስ ምታት ሆኖባቸው ነበር። ምስል አለ፣ ድምፅ የለም፤ ቀለምም የለም። ባለቤቱ «ተበላሽቶ ነው የሸጡልኝ» ብሎ ከነጋዴው ጋር ሊጣላ ደርሶ ነበር። አልተበላሸም። ጅቡቲ የፈረንሳዮቹን ሴካም የተባለ ሥርዓት ነበር የምትጠቀመው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ፓልን። ሁለቱ ቀለምን የሚያሽጉበት መንገድ ይለያያል፤ የድምፁም ሞገድ ከምስሉ የሚርቅበት ልክ አንድ አይደለም፤ በዚያ 6.5፣ በእኛ 5.5 ሜጋኸርዝ ነው። ሰውየው የድምፁን ክፍል ከሌላ በወደቀ ቴሌቪዥን አውጥተው ቀይረው አስተካከሉት። ድምፅ ሲመጣ ባለቤቱ «ጋሼ፣ አማርኛ አስተማሩት!» አለ። የቀለሙን ግን ተዉት። ባለቤቱም በጥቁርና ነጭ እያየ ኖረ፤ ሲሞት ልጁ አምጥቶ ሰጣቸው።

አራተኛው ሶኒ ትሪኒትሮን ነው፤ ባለ 29 ኢንች። ከጅዳ የመጣ። ደቡብ ወሎ ልጆቿን ወደ ዐረብ አገር በመላክ ከአገሪቱ ቀዳሚ ከሆኑት አካባቢዎች አንዷ ናት። የዚህ ቴሌቪዥን ባለቤት ከቃሉ ገጠር ተነሥታ ሳውዲ ሰባት ዓመት በሰው ቤት የሠራች ሴት ናት። ለእናቷ በጭነት የላከችው ነው። በኅዳር 2006 ሳውዲ ዐረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ማባረር ስትጀምርና ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ሲመለሱ እርሷም ተመለሰች። የያዘችው አንድ ፌስታል ነበር። የሰባት ዓመት ልፋቷ በሙሉ ያለው እናቷ ቤት ዳንቴል ለብሶ በተቀመጠው ሣጥን ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ቀን ይዛው መጣች። «ወንድምዓለም፣ መስታወቱ ተሰነጠቀብኝ መሰለኝ» አለች። መስታወቱ ላይ ሁለት ፀጉር የመሰሉ አግድም መስመሮች ይታያሉ። ሳቁ። ትሪኒትሮን ሁሉ እንደዚያ ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ቀጥ ብለው የተወጠሩ በጣም ቀጫጭን የብረት ክሮች አሉ፤ እንዳይንቀጠቀጡ በአግድም ሽቦ ይያዛሉ፤ የሚታየው የዚያ ሽቦ ጥላ ነው። «አብሽሪ፣ ስንጥቅ አይደለም፤ እንዲያውም የእውነተኛነቱ ምልክት ነው» አሏት። ገንዘብ አልተቀበሏትም። ከዓመታት በኋላ እንደገና ለመሄድ ስትነሣ «እርስዎ ጋ ይቀመጥልኝ» ብላ ትታው ሄደች። አልሰጠችም፤ አደራ ነው ያለችው። አደራን ለቆራሌ መሸጥ አይቻልም።

አምስተኛው ምንም የተለየ ነገር የሌለው ባለ 21 ኢንች ነው። የቻይና ሥራ፣ በየቤቱ የነበረ ዓይነት። የፕላስቲክ አካሉ በአንድ ማዕዘን ተሰብሯል። እሱ ግን የመጣው በባለቤቱ እጅ አይደለም።

በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደሴ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። ሕዝቡ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ጎረፈ። ኅዳር 27 ቀን መንግሥት ደሴና ኮምቦልቻ መመለሳቸውን አስታወቀ። በዚያ አንድ ወር ከምናምን ውስጥ የሆነው በወቅቱ በስፋት ተዘግቧል፤ ሆስፒታሉ ተዘረፈ፣ ሙዚየሙ ተዘረፈ፣ ሱቅና መኖሪያ ቤት ተዘረፈ።

ጠጋኙ ሲመለሱ የሱቃቸው በር ተገንጥሎ አገኙት። ከፊት ክፍሉ የተረፈ ነገር አልነበረም። ስልኮቹ፣ ሪሲቨሮቹ፣ ለጥገና የገቡት ፍላቶች፣ ቴስተሩ ሳይቀር ሄደዋል። ወደ ኋላዋ ክፍል ሲገቡ ግን የድሮዎቹ ቴሌቪዥኖች እንደተደረደሩ ናቸው። አንዱም አልተነካም። ቀላሉ ሁሉ ተወሰደ፤ ከባዱ ቀረ።

በማግስቱ ወደ ስታዲየሙ ሲሄዱ ያን ባለ 21 ኢንች መንገድ ዳር አገኙት። ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ፣ ማዕዘኑ ተሰብሮ፣ ገመዱ ተጠቅልሎበት ተቀምጧል። አንድ ሰው ከአንድ ቤት አውጥቶ ተሸክሞት ነበር፤ ደከመው፤ ጣለው። ሦስት ቀን ማንም እስኪጠይቅ ጠበቁ። ጠያቂ ሲጠፋ በጋሪ አስጭነው ወሰዱት። ጀርባውን ፈትተው ሲያዩ በአወዳደቁ የተሰነጠቁ ሁለት የብየዳ ቦታዎች አገኙ። መልሰው በየዱት። በራ። ባለቤቱ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት በሕይወታቸው ብዙ ሥራ የበዛባቸው ነበሩ። ፍላቱ የተወሰደበት ሰው ሁሉ ጓዳ ውስጥ፣ አልጋ ሥር፣ እህል ቤት ውስጥ የጣለውን የድሮ ቴሌቪዥን አስታወሰ። በጋሪ፣ በባጃጅ፣ በትከሻ እየተጫነ መጣ። አንዲት እናት «ጋሼ፣ ይቺ ነገር ትነሣ ይሆን? ከዐሥር ዓመት በላይ ዶሮ ነው የተኛባት» አሏቸው። ላባውን አራግፈው አነሷት። ከመሐል አንድ ነጭ መስመር ብቻ የሚያሳይ፣ ሲበራ ጠቅ ብሎ የሚጠፋ፣ አንድ ጥግ ላይ አረንጓዴ የሚሆን፣ ሁሉንም ዓይነት በሽታ አዩ። ያለው በብር፣ የሌለው በጤፍ፣ ጭራሽ የሌለው በምርቃት ከፈለ። ሪሲቨር እየተገኘ ሲመጣ በሦስት ባለ ቀለም ገመድ ከድሮው ሣጥን ጋር ተያያዘ፤ ቤቱ እንደገና ድምፅ አገኘ። ከተማዋ ስለ ራሷ የሚወራውን ዜና ያየችው፣ ቢያንስ በዚያ ሰፈር፣ «አሮጌ» ተብሎ በተጣለ መስታወት ነው።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። «ጊዜው አልፎበታል» የምንለው ዕቃ ጊዜው የሚያልፍበት በገበያው ቀን ነው እንጂ በችግራችን ቀን አይደለም። በሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶውን አለፈ። ፍላት ቴሌቪዥን ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ካፓሲተሩም፣ ትራንዚስተሩም ከውጭ ነው። ነገር ግን የተሰነጠቀ ብየዳን መልሶ መበየድ ዶላር አይጠይቅም። መብራት ሄዶ ሲመለስ በሚፈጥረው ግፊት የተቃጠለውን ከሞተ ቴሌቪዥን በወጣ ዕቃ መተካትም ዶላር አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሚያውቅ እጅ ነው። እኛ ደግሞ ዕቃውን ስንጥል አብረን የምንጥለው ያንን እጅ ነው።

ፍርድ እንዳይዛባ ሌላውም ወገን ይነገር። የድሮ ቴሌቪዥን መብራት ይበላል፤ ከርሱ የሚበልጥ ስፋት ያለው የዛሬ ፍላት ከግማሽ ባነሰ መብራት ይሠራል። አደጋም አለው። የምስሉ ቱቦ የሚሠራው ከሃያ ሺህ ቮልት በላይ በሆነ ኃይል ነው፤ ከጠፋና ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ ኃይሉን አምቆ ይቆያል። ጠጋኙ ወጣት ሳሉ አንድ ጊዜ መትቷቸው ከወንበር ወድቀዋል። ዛሬም ከመንካታቸው በፊት ካቻቢቴውን በሽቦ ከብረቱ ጋር አያይዘው ያንን ኃይል ያወርዳሉ፤ «መጀመሪያ ሰላም በለው» ይላሉ ለሚማር ልጅ። ከሁሉም የከፋው ደግሞ እርሳሱ ነው። የትልቅ ቴሌቪዥን መስታወት ከአንድ ኪሎ በላይ እርሳስ ሊይዝ ይችላል። ቆራሌ ገዝቶ የወሰደው ቴሌቪዥን ዕጣው የታወቀ ነው፤ አንገቱ በድንጋይ ይሰበራል፣ መዳብ ሽቦው ይወጣል፣ መስታወቱ ወንዝ ዳር ይጣላል። ቦርከና የሚወርደው ወደ ኮምቦልቻ ነው። ከላይ የተጣለው ታች ይጠጣል።

እሳቸውም ቤታቸው የሚያዩት ፍላት ነው። ልጆቻቸው ገዝተውላቸዋል። «ምስሉ ጥሩ ነው፣ ምን ይዋሻል» ይላሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የድሮው ከአዲሱ ይሻላል የሚል የትዝታ ክርክር አይደለም።

በሱቁ አንድ ረዳት አላቸው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጎበዝ ነው፤ የስልክ ስክሪን በግማሽ ሰዓት ይቀይራል። ቴሌቪዥኑን ግን መማር አልፈለገም። «ጋሼ፣ ይሄን አውቄ ምን ላደርገው?» ይላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሶኒ ትሪኒትሮንን መሥራት ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ሌሎቹም ፋብሪካዎች ተዘግተዋል። በአውሮፓና በአሜሪካ የድሮ የቪዲዮ ጨዋታ የሚወዱ ወጣቶች እነዚህን ቴሌቪዥኖች እየፈለጉ በውድ ይገዛሉ፤ የሚጠግንላቸው አዛውንት ፍለጋም ከከተማ ከተማ ይዞራሉ። ደሴ ውስጥ ግን ያ ገበያ የለም። ያለው ግንቦት መጨረሻ ነው።

ባለፈው ሰሞን ረዳቱ ግን አንድ ነገር አደረገ። አዛውንቱ ማታ ክፍሏ ውስጥ እንደተቀመጡ ስልኩን አውጥቶ መቅዳት ጀመረ። «ጋሼ፣ ይሄኛው ከየት መጣ?» አላቸው። ነገሩት። «ይሄስ?» ነገሩት። የጅቡቲውን ድምፅ እንዴት እንዳስተካከሉት ሲነግሩት ስልኩን አስቀምጦ ካቻቢቴውን አነሣ። ጀርባውን ፈትቶ እንዲያሳዩት ጠየቃቸው። እኩለ ሌሊት አለፈ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ደሴ ሙዚየሟ በተዘረፈ ማግስት ምን መሰብሰብ እንዳለባት እያሰበች ያለች ከተማ ናት። ሙዚየም ማለት የነገሥታት ጋሻና የብራና መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ወሎን ለዓለም ያሳየው መሣሪያ፣ ወሎዬው ራሱ ሳያየው የቀረው መሣሪያ፣ በጦርነቱ ቀን መንገድ ላይ የተጣለው መሣሪያ አንድ ግድግዳ ቢሰጠው አይበዛበትም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፤ የሰውየውን እውቀት በአንድ ሴሚስተር ተማሪ መቅዳት ይችላል። ለተቀሩት ደግሞ መስታወቱ ሳይሰበር የሚከማችበት አንድ የታጠረ ቦታ ከተማዋ ብታዘጋጅ የቦርከና ውኃ ያመሰግናታል። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው ዕቃው ዕቃ ብቻ እንዳልሆነ የሚያይ ሰው ነው።

ጠጋኙ ከማንም አልጠየቁም፤ የመጠየቅ ልማድም የላቸውም። አምስቱን ለይተው ጨርሰዋል። ፊሊፕሱ፣ ናሽናሉ፣ የጅቡቲው፣ አደራው ትሪኒትሮን፣ ያ ማዕዘኑ የተሰበረው። የቀሩትን አሥራ ስምንት በተመለከተ ቆራሌው ሁለት ጊዜ መጥቶ ዋጋ ጠይቋል። «ገና ነው» ብለው መልሰውታል።

ባለፈው እሑድ ትሪኒትሮኑን ወደ ቤት ለማጓጓዝ ሞከሩ። እሳቸው በአንድ ወገን፣ ረዳቱ በሌላው ወገን ይዘው እስከ በሩ ደረሱና አሳረፉት። ላባቸው ወርዷል። የጀበና ቡና የምታፈላዋ ጎረቤት አየቻቸውና የሁለት ጎረምሶችን ስም ጠራች። አራት ሆነው አነሡት፤ ባጃጁ ላይ ጫኑት። ሰውየው ከኋላ እየደገፉ «ቀስ፣ ቀስ በሉ ልጆቼ፤ የሰው አደራ ነው» ይሉ ነበር።